የገጠር መንገድ ዳር ቆሻሻና የማኅበረሰብ ጽዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ዳር ባሉ ቀበሌዎች ጽዳት ለማስተባበር ለተነሱ የእድር ዳኞች፣ የቀበሌ ሠራተኞች፣ መምህራንና ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ የሚለቀመው ቆሻሻ የት እንደሚያርፍ ሳይወሰን መልቀም አይጀመር። ብዙ ዘመቻ የሚከሽፈው ሰው ጠፍቶ አይደለም። የተሞላው ማዳበሪያ የሚያነሳው አጥቶ መንገድ ጠርዝ ላይ ያድራል፣ ውሻና ጅብ ይቀደዋል፣ በሦስተኛው ቀን ቦታው ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። በሚቀጥለው ጥሪ የሚወጣ ሰው አይገኝም።

ቆሻሻውን የሚጥለው ማነው? መንገደኛው ወይስ ነዋሪው?

ሁለቱም ይጥላሉ። የትኛው የት እንደጣለ ግን ከቆሻሻው አቀማመጥ ይታወቃል።

ከምሳ ማረፊያ ወይም ከመናኸሪያ ከተወጣ በኋላ ባሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በሁለቱም ጠርዝ ሳሳ ብሎ ተበትኖ የሚታየው የብስኩት ልጣጭ፣ ሶፍት፣ ፌስታልና ሃይላንድ ከመኪና መስኮት የወጣ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ወይም ፍራፍሬ የገዛ ተሳፋሪ እዚያው በልቶ አይጨርስም፤ ፌስታሉ ባዶ የሚሆነው መኪናው የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ ነው። ከባድ መኪናዎች ዳር ይዘው የሚቆሙበት ሰፊ ጠርዝ ላይ ደግሞ የጫት ገረባ፣ የለስላሳ ጠርሙስና ሽንት የተሞላ ሃይላንድ ይገኛል። አመድ፣ ዳይፐር፣ የተቀደደ ጫማ ወይም የተሰበረ ጀሪካን በአንድ ቦታ ተከምሮ ከታየ፣ በተለይ ድልድይ ሥር ወይም የውሃ ቱቦ አፍ ላይ ከሆነ፣ ከመንደሩ የመጣ ነው። ከገበያ ቀን በኋላ በእግር መንገዱ ላይ የሚቀሩት ትንንሽ የስኳር፣ የጨውና የዘይት ላስቲኮችም የነዋሪው ናቸው።

ይህ ልዩነት የሚጠቅመው መፍትሔው ስለሚለያይ ነው። የመኪናው ቆሻሻ የሚቆመው መኪናው በተነሳበት ቦታ ነው፤ የመንደሩ ቆሻሻ የሚቆመው በእድር ስብሰባ ላይ ነው። ከዘመቻው በፊት አንድ ጠዋት 100 ሜትር መርጦ ቆሻሻውን በዓይነት መቁጠርና በደብተር ማስፈር ይበቃል። ያ ቁጥር ኋላም ይፈለጋል።

ሃይላንዱን ልጆች ይለቅሙታል፤ ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው?

እውነት ነው፣ ደህና ሃይላንድ ገጠር ውስጥ ወድቆ አይቀርም። ዘይት፣ ወተት፣ ጋዝና አረቄ ይያዝበታል፣ የተረፈው ለቆራሌው ይሸጣል። የቢራ ጠርሙስም መልስ ስላለው እምብዛም አይጣልም። ወድቆ የሚቀረው ማንም የማይገዛው ነው፦ ስስ ፌስታል፣ የብስኩትና የከረሜላ ልጣጭ፣ የተቀጠቀጠ ሃይላንድ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ዳይፐር። ስለዚህ «ፕላስቲኩን ሸጠን የዘመቻውን ወጪ እንሸፍናለን» ብሎ መነሳት ተስፋ ያስቆርጣል። ከሚሰበሰበው አብዛኛው ገዢ የለውም።

ከመስኮት ለልጆች ሃይላንድ መወርወርን ደግሞ እንደ ደግነት የሚያዩት አሉ። እባክዎ አይወርውሩ። ልጁ የሚሮጠው ጠርሙሱን እያየ እንጂ ከኋላ የሚመጣውን መኪና እያየ አይደለም። ባዶውን መስጠት ከፈለጉ መኪናው ሲቆም በእጅ ይስጡ።

በከብቶች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምን ያህል እውነት ነው?

በጣም እውነት ነው። ላም በምላሷ ጠቅልላ ስለምትግጥ እንደ ፍየል በከንፈሯ አትመርጥም። ፌስታሉ ጨው ወይም የምግብ ሽታ ካለው ፈልጋ ትበላዋለች። ግጦሽ በሚሳሳበት ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ደግሞ ይብሳል። የተዋጠው ፌስታል አይፈጭም፣ አይበሰብስም፤ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ከማዳበሪያ ክርና ከገመድ ጋር እየተጠቀለለ ያድጋል። ምልክቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፦ መብላት መቀነስ፣ ሆድ በተደጋጋሚ መነፋት፣ የወተት መቀነስ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት። የሚያሟሟው መድኃኒት የለም። የሚወጣው በእንስሳት ሐኪም ቀዶ ጥገና ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚገኘው ከብቷ ከታረደች በኋላ ነው። ሚስማርና ሽቦ ከሆነ የዋጠችው ጨጓራውን ወግቶ ወደ ልብ ሊደርስ ይችላል።

ለከብት ጨው በቋሚነት መስጠት እንግዳ ነገር የመላስ አመልን ይቀንሳል። ማዕድን ያነሰው ከብት ነው ላስቲክና አጥንት የሚያኝከው።

ዘመቻው በየትኛው ወር ቢሆን ይሻላል?

በዓመት ሁለት ጊዜ። አንደኛው በግንቦት፣ ሰኔ ሳይገባ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የዓመቱን ቆሻሻ ጠርጎ ወደ ቦዩና ወደ መንገድ ሥር ቱቦ ይወስደዋል። ፌስታል ቱቦው አፍ ላይ ሲለጠፍ ከበስተኋላው ደለልና ሣር ይይዛል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ በመንገዱ ላይ ይሻገርና የአስፋልቱን ጠርዝ ይቦረቡራል፣ ወይም ወደ ማሳ ይዞራል። ጊዜ ያጠረው ማኅበረሰብ ሌላውን ሁሉ ትቶ የቱቦዎቹን አፍ ብቻ ቢያጸዳ ትልቁን ጉዳት አስቀርቷል። ከቱቦው መግቢያ ወደ ላይኛው ቦይ ቢያንስ 20 ሜትር ማጽዳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በመጀመሪያው ዶፍ ተመልሶ ይደፈናል።

ሁለተኛው በኅዳር ነው፤ የክረምቱ ሣር ታጭዶ ስለሚሆን ተደብቆ የከረመው ይታያል። ሐምሌና ነሐሴ አይመከርም፤ ጭቃ የያዘ ፌስታል ክብደቱ ብዙ ነው፣ መንገዱም ያንሸራትታል።

ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ እናቃጥል የለ? ፕላስቲኩንም አብረን ብናቃጥለው ምን አለበት?

ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማጠን በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። ቀኑን ለጽዳት መጠቀም በጣም እንደግፋለን፤ ሰው ሳይቀሰቀስ መጥረጊያ ይዞ የሚወጣበት ሌላ ቀን የለንም። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚጠረገው ገለባ፣ ቅጠልና እበት ነበር። ዛሬ ከክምሩ ውስጥ ፌስታል፣ ሰው ሠራሽ ጫማ፣ የሽቦ ልባስና ዳይፐር አለ።

ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ፕላስቲክን ጨርሶ ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት የለውም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ምድጃ ከ850 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ እንዲሠራ ይደረጋል። ከዚያ በታች ሲሆን ጭሱ መርዛማ ነው፤ በተለይ ፒቪሲ ያለበት ነገር፣ ማለትም የሽቦ ልባስ፣ የቧንቧ ቁራጭና አንዳንድ ሶል፣ ዳይኦክሲን የሚባለውን መርዝ ያወጣል። እሱም ከአመዱ ጋር ሣር ላይ ያርፋል፣ በከብቷ በኩል ወተት ውስጥ ይገባል። ከሥር የሚቀረው ቀልጦ ከአፈር ጋር የተጣበቀ ጓል ደግሞ በዶማ እንኳ አይነሳም።

ስለዚህ በኅዳር 12 ዋዜማ ፕላስቲኩ ለብቻው ይለቀም፣ በማግሥቱ ቅጠሉና ገለባው ይታጠን። እሳቱ ከባሕር ዛፍ፣ ከክምርና ከመብራት ምሰሶ የራቀ ይሁን፤ ሳይጠፋ ትቶ የሚሄድ ሰው አይኑር።

የተሰበሰበውን የት እናድርሰው?

ከዚህ ጥያቄ ነው መጀመር ያለብን። እንደ ቅደም ተከተላቸው ሦስት አማራጮች አሉ።

የመጀመሪያው የቅርቡ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው። በመኪናው ወይም በጋሪ ወደ ቆሻሻ መጣያው እንዲወስድ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ፣ የሚመጣው ሰው ስልክ ተይዞ ይረጋገጥ። «እንልካለን» የሚል የቃል ተስፋ አይበቃም። ከዘመቻው ሁለት ቀን ቀድሞ ደግሞ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ለገዢ መሸጥ ነው፤ የሚሸጠው ሃይላንድ፣ ጀሪካን፣ ቆርቆሮና ብረት ብቻ ነው። ገዢው በኪሎ ስለሚገዛ ልኩን ማወቅ ይጠቅማል፦ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከ70 እስከ 90 የሚሆነው፣ የ2 ሊትር ደግሞ 25 ገደማው አንድ ኪሎ ይመዝናል። ሳይጨፈለቅ አንድ የኩንታል ማዳበሪያ የሚይዘው 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ክዳኑን ከፍቶ በእግር ረግጦ፣ አየሩ ሳይመለስ ክዳኑን ማጥበቅ ነው፤ እንዲህ ሲደረግ ያው ማዳበሪያ ሦስት እጥፍ ይይዛል። ጭቃና ዘይት የገባበት፣ ሽንት የነበረበት አይቀላቀል፤ ገዢው አንድ ቆሻሻ ጠርሙስ ሲያይ የማዳበሪያውን ሁሉ ዋጋ ይቀንሳል። ቀለም የሌለው ከባለቀለሙ ተለይቶ ቢቀርብ የተሻለ ያወጣል።

ሦስተኛው ጉድጓድ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሩቅ ሲሆን ብቻ። ስፋቱ 1.5 በ1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ከላይ 50 ሴንቲ ሜትር ለአፈር ተትቶ፣ በደንብ እየተረገጠ 25 ማዳበሪያ ገደማ ይይዛል። ከምንጭ፣ ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ ቢያንስ 50 ሜትር የራቀና ከውሃው በታችኛው ወገን ያለ ቦታ ይመረጥ። ዋልካ አፈር አይሆንም፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ያቁራል፣ ግድግዳውም ይናዳል። ቀይ አፈር ይሻላል። ሲቆፈር ከሥር እርጥበት ከታየ ቦታ መቀየር ነው። ቆሻሻ በተጨመረ ቁጥር 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ይልበስ፣ እስኪሞላ ድረስም በእሾህ ይታጠር፤ አለዚያ ጅብ ያወጣዋል። በመንገዱ ክልል ውስጥ መቆፈር አይፈቀድም፤ ለመንገድ ሥራ ሲታረስ ሁሉም ተመልሶ ይወጣል።

ስንት ሰውና ምን ያህል ማዳበሪያ ያስፈልጋል?

በግምት ከመናገር 50 ሜትር መንገድ በሁለቱም ጠርዝ አስቀድሞ ለቅሞ ማየት ይሻላል። የሞላውን ማዳበሪያ በ20 ማባዛት የአንድ ኪሎ ሜትሩን ይሰጣል። ለመጠባበቂያ ሩቡን ይጨምሩ።

ሰው በአምስት አምስት ይመደብ፦ ሦስት ለቃሚ፣ አንድ ማዳበሪያ ያዥ፣ አንድ ጠባቂ። ለእያንዳንዱ ቡድን 200 ሜትር የአንድ ወገን ጠርዝ ይበቃል፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር በሁለቱም ወገን 50 ሰው ማለት ነው፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በላይ ሰው መጥራት መተራመስን ብቻ ነው የሚያመጣው። ሰው ከበዛ ወደ ቱቦዎቹና ወደ ጉድጓዱ ይላክ።

ጓንቱ ወፍራም የጎማ ወይም የቆዳ ይሁን። ጤና ጣቢያ የሚጠቀሙበት ስስ ጓንት ጠርሙስንም ሆነ መርፌን አያቆምም። ክፍት ጫማ የለበሰ ሰው ወደ ለቀማው አይግባ። ጫፉ ላይ ሚስማር የተመታበት የአንድ ሜትር በትር ወገብን ያሳርፋል፣ ሣር ውስጥም ከእጅ ቀድሞ ይገባል፤ እባብ የሚተኛው ከላስቲክና ከጨርቅ ሥር ነውና። ለጠርሙስ ስባሪ ማዳበሪያ አይሁን፤ ተሸካሚውን ይቆርጠዋል። አፉ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ የ20 ሊትር ጀሪካን ይያዝ። ሳሙናና ውሃ በመጨረሻው ቦታ ይጠብቅ።

የመኪና አደጋን እንዴት እንከላከል?

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪይዝና መኪናው እስኪቆም በደረቅ መንገድም 60 ሜትር ገደማ ያልፋል፤ ጭነት ሲኖርና ቁልቁለት ሲሆን ከዚያም በላይ። ስለዚህ ቀይ ጨርቅ የያዘ ሰው ከሠራተኞቹ 200 ሜትር ቀድሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይቁም፣ ቡድኑ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀስ።

ሁሉም ለቃሚ ፊቱን ወደሚመጣው መኪና አድርጎ ይሂድ። በአገራችን መኪና በቀኝ ስለሚነዳ የግራው ጠርዝ ቡድን ወደ ፊት ሲሄድ የቀኙ ጠርዝ ቡድን ከሌላኛው ጫፍ ተነስቶ በተቃራኒው ይምጣ። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሁለቱም ቡድን አብሮ ስለሚነሳ አንደኛው ጀርባውን ለመኪና ሰጥቶ ይሠራል። መንገዱን ማቋረጥ አያስፈልግም።

ኩርባና ጠባብ ድልድይ ላይ ለቀማ የሚደረገው ትራፊክ ፖሊስ ካለ ብቻ ነው። ጥሩው ሰዓት ጠዋት ከ12፡30 እስከ 3፡30 ነው። ተማሪዎች ከአስፋልቱ ዳር ይልቅ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በእግር መንገዱና በገበያው ቦታ ይመደቡ። እዚህ ላይ መደራደር የለም።

ምን ምን አይነካም?

የሞተ እንስሳ አይነካ፣ አይቀደድ፣ አይጎተት፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። በአፍንጫው ወይም በፊንጢጣው ጥቁር ደም ካለ ሰውና ውሻ አርቆ ለወረዳው እንስሳት ጤና ማሳወቅ ነው።

ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች፣ በተለይ በሰሜኑ፣ የማይታወቅ ብረት፣ ሽቦ የወጣለት ጣሳ ወይም ግማሹ የተቀበረ ነገር ከታየ ሥራው በሙሉ ይቁም። በመጡበት ዱካ ተመልሶ፣ ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርጎ ለፖሊስ መንገር ብቻ ነው። በበትርም አይነካካ።

መርፌ በእጅ አይነሳ፤ በመቆንጠጫ ወይም በሁለት እንጨት ተይዞ ክዳን ባለው ጠንካራ ጀሪካን ውስጥ ገብቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የተወጋ ሰው ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ይታጠብና በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ጤና ተቋም ይድረስ። የፀረ ተባይ ጠርሙስ አይሸጥ፣ ለውሃም ሆነ ለዘይት አይዋል፤ ሥሩ ተበስቶ ለብቻ ይቀመጥና የግብርና ባለሙያው ይጠየቅ። ሽንት የያዘ ሃይላንድ አይከፈት፤ ግፊት ስለሚኖረው ፊት ላይ ይረጫል።

የቆሻሻ በርሜል መንገድ ዳር ብናቆምስ?

ባዶ የሚያደርገው ሰው በስም ካልታወቀ አይቁም። በርሜል ሲሞላ ሰው ሥሩ መጣል ይጀምራል፣ ያኔ ቆሻሻ ማቆያ ሳይሆን ቆሻሻ መጥሪያ ይሆናል። የሚሠራው ምግብ ቤቱ፣ ሱቁ ወይም ጫት ተራው ደጃፍ ላይ፣ ባለቤቱ ኃላፊነት ወስዶ ሲቆም ነው። የ200 ሊትር በርሜል ለሁለት ተቆርጦ፣ ውሃ እንዳያቁር ሥሩ ተበስቶ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በብረት ምሰሶ ላይ ይታሰር፤ ክዳኑም በሰንሰለት ይያያዝ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በገበያ ቀን ማታ ደግሞ የግድ ይራገፍ።

ሾፌርና ረዳት እንዴት ይተባበሩናል?

ልመና ብቻ አይበቃም፤ ነገሩን ማቅለል ያስፈልጋል። አንድ ማዳበሪያ ከበሩ አጠገብ እንዲንጠለጠል ሰጥቶ፣ የት እንደሚራገፍ ማሳየት ነው። መራገፊያ ያልተነገረው ረዳት ማዳበሪያውን እንዳለ ገደል ውስጥ ይደፋዋል። መናኸሪያው ወይም የምሳ ማረፊያው ባለቤት መራገፊያውን ለመያዝ ከተስማማ ረዳቱ ከመነሳታቸው በፊት «ቆሻሻ በማዳበሪያው» ብሎ ቢናገር ተሳፋሪው ይሰማል። በተለይ ሰፊ ቦታ ያላቸው ምግብ ቤቶች ይህን ቢይዙ ደጃፋቸው ስለሚጸዳ ራሳቸውም ይጠቀማሉ።

ከሻጮቹ ጋርም መነጋገር ያስፈልጋል። ጫት በኮባ፣ ቆሎ በወረቀት መጠቅለል የነበረ ነገር ነው፤ ኮባ ወድቆ ቢቀር ከብት ይበላዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች በሆነ ፌስታል ላይ ገደብ ጥሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል፤ አፈጻጸሙን ከወረዳው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። እድር በመተዳደሪያ ደንቡ አባላቱን ሊቀጣ ይችላል፤ መንገደኛን አስቁሞ መቅጣት ግን አይችልም፣ ጠብም ያመጣል። በፌዴራል ዋና መንገድ ላይ ምልክት ወይም በርሜል ለማቆም ከኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የቅርብ ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

አጽድተን በወሩ ተመልሶ ቆሸሸ። ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ የተቆጠረውን 100 ሜትር እንደገና ይቁጠሩ። የቀነሰው የትኛው ዓይነት፣ ያልቀነሰው የትኛው እንደሆነ ደብተሩ ይናገራል። የመንደሩ ቆሻሻ ቀንሶ የመኪናው እንዳለ ከሆነ ሌላ ዘመቻ መጥራት ትርፉ ድካም ነው፤ ወደ ምሳ ማረፊያው መሄድ ይሻላል። የመንደሩ ካልቀነሰ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ዳይፐርና ጠርሙስ የሚጣልበት ቦታ ለቤተሰቦች አለመታየቱ ነው፤ ለአሥር አሥር ቤት አንድ ጉድጓድ ይቆፈር።

ከትልቁ ጽዳት በኋላ ባሉት ሁለት ወራት አምስት ሰው በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት ቢያልፍበት ይበቃል። ቆሻሻ ባለበት ቦታ ላይ ቆሻሻ መጣል ስለሚቀል የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፌስታሎች ሳይነሱ መሰንበት የለባቸውም። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ፣ እድሩ በሚሰበሰብበት ቀን፣ ከስብሰባው ቀደም ብሎ ማድረግ ይቻላል።